ከቢላው በፊት፣ ከቢላው በኋላ
(ደሴ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለፈነዳ የልጆች ትርፍ አንጀት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ። ሁለቱንም ያልኩት ወሎ ስለሆንን ነው። በአንዱ ብቻ ብጀምር ግማሹ አዳራሽ ይቀየመኛል።

ቀዶ ሐኪም ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ቢላው ነው። «ኦፕራሲዮኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይለኛል። ለትርፍ አንጀት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንዳንዴ ያንሳል፣ አንዳንዴ ይበልጣል። ዛሬ ግን ስለዚያች አንድ ሰዓት ብዙ አላወራም። ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ በኋላ ልጁን የሚያተርፈው ወይም የሚጎዳው በአብዛኛው ከቢላው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ ደግሞ ከቢላው በኋላ ያሉት ቀናት። ለናንተ መናገር የፈለግኩትም ለዚህ ነው፤ ያ ጊዜ ከኔ ይልቅ በናንተ እጅ ነውና።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። 8 ዓመቱ ነው። ከባቲ ወዲያ ካለ ቆላ ነው የመጣው። ዓርብ ማታ እምብርቱ አካባቢ አመመው። ራቱን አልበላም። ሌሊት አስመለሰው። ቅዳሜ እናቱ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ አጠጣችው። እሑድ ሕመሙ ወደ ቀኝ ወረደ፣ ልጁም ጎብጦ መሄድ ጀመረ። አባትየው ሐኪም ቤት መውሰድ እንዳለበት ያኔ ገብቶታል። ኪሱ ግን ባዶ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ፍየል ሸጦ ሊያሳክመው ወሰነ። ሰኞ ጠዋት ልጁ «ቀለለኝ» አለ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። አባት ፍየሏን ሸጠ። ልጁ ስለተሻለው ከብሩ ላይ ለስኳርና ለቡና ቀነስ አደረገ። ማታ ልጁ እንደ ምድጃ ነደደ። ማክሰኞ እኛ ጋ ሲደርስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አልሸናም።

እዚህ ላይ ያ አባት ቸልተኛ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። እኔ አልስማማም። ፍየል ሸጦ ልጅ የሚያሳክም ሰው ቸልተኛ አይባልም። የዘገየው በደግ ሥራ ነው። ፌጦው ደግ ነው፣ ገበያውም ደግ ነው፣ መታገሱም ደግ ነው። ችግሩ በሽታው ደግ ሰው አይጠብቅም።

ያቺን «ቀለለኝ» ልብ በሉልኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ትርፍ አንጀት ምንድን ነው? ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ በቀኝ በኩል ወደ ታች፣ የትንሿን ጣት የምታክል ነገር ተንጠልጥላለች። አንዱ ጫፏ ድፍን ነው። አፏ ሲዘጋ ጣጣው ይጀምራል። የሚዘጋት ብዙ ጊዜ የደረቀ ዓይነ ምድር ነው፤ እንደ ጠጠር ይሆናል። በልጆች ላይ ደግሞ በውስጧ ያሉ ዕጢዎች አብጠው ሊዘጓት ይችላሉ። አልፎ አልፎ የሆድ ትል ይገባባታል። ከተዘጋች በኋላ ውስጧ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ትወጠራለች። ደም ወደ ግድግዳዋ መድረስ ያቅተዋል። ደም ያላገኘ ሥጋ ደግሞ ይበሰብሳል።

«ፈነዳ» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። እንደ ፊኛ ቧ ብሎ የሚፈነዳ ይመስላል። እንደ አሮጌ አቁማዳ ብታስቡት ይሻላል። አንድ ቦታ ላይ ይሳሳል፣ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። ውጥረቱ ሲተነፍስ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ረገብ ሊል ይችላል። የሰኞዋ «ቀለለኝ» እሷ ነች። መግልና ዓይነ ምድር ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሰራጭ ግን ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ሆዱን በሙሉ። ትኩሳቱ ይጨምራል። ሆዱ እንደ ሳንቃ ይደርቃል። እንግዲህ ሁለት ቀን ሲያቃስት የነበረ ልጅ በድንገት ቀለለኝ ካለ፣ ምግብ ግን ካልጠየቀና መሮጥ ካልጀመረ፣ ደስታውን ያዝ አድርጉት። የተሻለው ልጅ እንጀራ ይጠይቃል።

ስለ ጊዜው ልናገር። በመጀመሪያው ቀን የመፍረስ ዕድሉ ትንሽ ነው። ከ36 እስከ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን በፍጥነት ያድጋል። ይህ ለትልልቅ ልጆች ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ላይ ሒሳቡ ይለያል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ አብዛኞቹ ፈንድቶባቸዋል። ግድግዳው ስስ ነው። በትልቅ ሰው ሆድ ውስጥ የታመመውን ቦታ እንደ ነጠላ የሚጠቀልለው የሞራ መጋረጃ በነሱ ገና አላደገም። በዚያ ላይ መናገር አይችሉም። የ2 ዓመት ልጅ «እምብርቴ ጋ ጀምሮኝ ወደ ቀኝ ወረደ» አይላችሁም። ያለቅሳል። ሲያነሱት ይብስበታል። እግሩን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይተኛል። ጡት ወይም ምግብ እንቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ተቅማጥም አለው፤ እኛንም የሚያታልለን ይኸው ተቅማጥ ነው።

እናቶች፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ያዙልኝ። የቱ ቀደመ? ሕመሙ ወይስ ትውከቱ? በተራ የሆድ ልክፍት ብዙ ጊዜ ትውከቱና ተቅማጡ ይቀድማል፣ ቁርጠቱ አብሮ ወይም በኋላ ይመጣል። በትርፍ አንጀት ግን ሕመሙ ይቀድማል፣ ትውከቱ ይከተላል። መቶ በመቶ አይደለም። ግን በነጻ የምትገኝ ምርመራ ናት።

ለመምህራን ሌላ ነጻ ምርመራ አለኝ። ልጆቻችን ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ አይደል? ሆዴን አመመኝ ያለውን ልጅ በቀኝ እግሩ እንደ ሰኞ ማክሰኞ አንዴ እንዲዘል ጠይቁት። እየሳቀ ሦስት ጊዜ ከዘለለ የሒሳብ ፈተናውን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። አንዴ ዘሎ ሆዱን ይዞ ከጎበጠ ወይም ጭራሽ አልዘልም ካለ፣ ወላጅ ይጠራ። ሲያስለውም ቀኝ ጎኑን ይዞ ፊቱን ከጨማደደ እንደዚያው ነው።

መንገዱም ይመረምራል። እንግሊዝ አገር ያሉ ሐኪሞች ይህን በቁም ነገር አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። አዋቂ ሕመምተኞችን መኪናው የመንገድ ጉብታ ሲያልፍ አሟችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ትርፍ አንጀት ከተረጋገጠባቸው 34 ሰዎች 33ቱ አዎ፣ ባሰብን አሉ። ትርፍ አንጀት ከሌለባቸውም ብዙዎቹ አዎ ብለዋል፤ ስለዚህ ስላመመው ብቻ ትርፍ አንጀት ነው ማለት አይቻልም። ጽሑፉን ሳነብ ሳቄ መጣ። እነሱ አንዲት ጉብታ ፈልገው ነው። እኛ ከኩታበር እስከ ደሴ፣ ከአቀስታ እስከ ደሴ ስንት ጉብታና ጉድጓድ ነው ያለን! እና ልጁን ስታመጡ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ባጃጁ ሲነጥር ፊቱን እዩት። ነግራችሁን ግቡ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ ቀዶ ሕክምና ሳልማር፣ አንድ የ7 ዓመት ልጅ መጣልኝ። ትኩሳት አለው፣ ሆዱን ያመዋል፣ አስመልሶታል። ደም ላክሁ። «ታይፎይድ ፖዘቲቭ» ተብሎ መጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። መድኃኒት ጽፌ ሸኘሁት። ሆዱን በእጄ ነክቻለሁ፤ ግን ወረቀቱ ከመጣ በኋላ መልሼ አልነካሁትም። በሁለተኛው ቀን በቃሬዛ ተመለሰ። ሆዱ ደርቋል። ልጁ ተረፈ። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነው የተረፈው።

ያ የደም ምርመራ ሰውነት ከዚህ በፊት ከጀርሙ ወይም ከሚመስለው ጋር መተዋወቁን ነው የሚያሳየው። በኛ አገር ደግሞ ያልተዋወቀ ጥቂት ነው። ታይፎይድም ትርፍ አንጀትም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ታይፎይድ ነው ብለውናል» ማለት ሆዱን ከመመርመር አያድንም። ሐኪሙ ጣቱን ልጁ ሆድ ላይ ሳያሳርፍ ከሸኛችሁ፣ «ዶክተር፣ ሆዱን አልነኩትም እኮ» በሉ። ነውር የለውም። እኔን ያኔ እንዲህ የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ምናልባት በሰዓቱ እቆጣ ነበር፤ ግን እነካው ነበር።

ቤት ውስጥ የሚደረጉ ነገሮች ላይ ብዙ አልፈርድም። ዳማከሴ ማሽተት ማንንም አይገድልም። ሦስት ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡት። የታመመ አንጀት ሲገፋና ሲጨማለቅ መፍረሱን ያፈጥናል። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ ሆዱን አታሳሹት፤ ለተሰበረ እጅ ወጌሻ ይሁን፣ ለሆድ ግን አይሆንም። ከመድኃኒት ቤት አንድ ፍሬ አሞክሲሲሊን ገዝታችሁ እየከፋፈላችሁ አትስጡ። ትኩሳቱን ይሸፍነዋል፣ መግሉን አያጠፋውም። ማስታገሻ ግን ፈጽሞ አይሰጥ የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ፓራሲታሞል በሽታውን ደብቆ ሐኪሙን አያሳስትም፤ ይህ ተጠንቶ የታየ ነው። ልጅ እየጮኸ መንገድ መጨረስ የለበትም።

ደግሞ አጎት ከወልድያ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ነገር አለ። ሽማግሌ ሳይሰማ ልጅ አይቀደድም ይባላል። ይገባኛል። ዱዓውም ጸሎቱም ግን መኪና ላይ ይቻላል። አጎትም በስልክ ይፈቅዳል።

ብሩን በተመለከተ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ደብተሩን አሳድሱ። ሲያማችሁ ሳይሆን ደህና ሳላችሁ። ከባቲ ወዲያ የመጣው አባት ደብተር ነበረው፣ ያንን ዓመት ግን አላሳደሰውም። ቢያሳድሰው ኖሮ እሑድ ይመጣ ነበር። ለኔ ከዚያ ልጅ ታሪክ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህች ናት።

እሺ፣ ደረሳችሁ። ልጁ ሆዱ ደርቆ፣ ነድዶ ገብቷል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሁልጊዜ የሚቆጣን ነገር አለ። «ፈንድቷል አላችሁን፤ ለምን ቶሎ አትከፍቱትም? ምን ትጠብቃላችሁ?» ይሉናል። ልክ ናቸው፣ ከውጭ ሲታይ የተቀመጥን እንመስላለን። ግን የደረቀና በጀርም የተመረዘ ልጅ ሰመመን ቢሰጠው ልቡ ሊከዳው ይችላል። አስቀድሞ መሞላት አለበት። እናንተ ግሉኮስ የምትሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጨው ውኃ የሆነው ፈሳሽ በደም ሥር ይገባል። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ሒሳብ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ እስከ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ከዚያ እናየዋለን፣ ካስፈለገ እንደግማለን። በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፣ ሆዱ እንዲተነፍስና ሰመመን ላይ ሳለ ትውከት ሳንባው እንዳይገባ። ሽንት ይለካል። ነርሷ በየሰዓቱ ሽንት የምታየው ሥራ ፈትታ አይደለም። ሽንት መውረድ ሲጀምር ነው ልጁ ለቢላ ዝግጁ መሆኑን የምናውቀው።

መድኃኒቱም የሚጀመረው ያኔውኑ ነው፣ ቢላውን ሳይጠብቅ። አንጀት ውስጥ ያሉ ጀርሞች ሁለት ወገን ናቸው፤ አየር የሚወዱና አየር የማይወዱ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለቱንም የሚመታ ያስፈልጋል። በኛ አካባቢ በብዛት የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ከሜትሮኒዳዞል ጋር ነው። ሁለተኛውን ፍላጂል ብላችሁ ታውቁታላችሁ። አሞክሲሲሊኑ ለምን ብቻውን እንደማይበቃ አሁን ገባችሁ።

ይህ ሁሉ ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል። እነዚያ ሰዓታት ሕክምና ናቸው። እባካችሁ በር ላይ አትቆጡን። ወይም ተቆጡ፣ ግን ልጁን ይዛችሁ ሌላ ቦታ አትሂዱ።

ትንሽ ታሪክ ላስገባ። ትርፍ አንጀት ተቆርጦ እንደወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ልጅ ላይ ነው። ለንደን፣ እ.ኤ.አ. በ1735። ልጁ 11 ዓመቱ ነበር። ክላውዲየስ አምያንድ የሚባል ሐኪም የልጁን ቡአ ሊሠራ ከፈተ። ውስጡ ትርፍ አንጀት አገኘ፣ በስፒል የተበሳ። ልጁ ስፒል ውጦ ኖሯል። ማደንዘዣ ገና አልተፈለሰፈም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ያ ልጅ ያንን ግማሽ ሰዓት በሙሉ ነቅቶ ነው ያሳለፈው። ተረፈ። እንግዲህ የመጀመሪያው ታካሚ የፈነዳ ትርፍ አንጀት የነበረው ልጅ ነው ማለት ነው፤ የዛሬው ርዕሳችን።

ሌላውን ደግሞ አገራችን ትነካዋለች። እ.ኤ.አ. በ1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ሆዳቸውን ታመሙ። ትርፍ አንጀታቸው መግል ቋጥሯል። በዓሉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ከዓለም የተጠራው እንግዳ ሁሉ ለንደን ነው። የአፄ ምኒልክ ልዑክ ሆነው የሄዱት ራስ መኮንን ነበሩ። ፍሬድሪክ ትሬቭስ የሚባለው ሐኪም እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሡን ቀደዳቸው። ደስ የሚለኝ ምን አደረገ የሚለው ነው። መግሉን አፈሰሰ፣ አበቃ። ትርፍ አንጀቱን አላወጣውም። ንጉሡ ተሻላቸው፣ ኦገስት 9 ቀን ዘውዳቸውን ጫኑ። ያው ትሬቭስ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ልጁን በዚሁ በሽታ ቀብሯል። 18 ዓመቷ ነበር። ስሙ ከዓለም ሐኪሞች ጋር የሚጠራ ሰው ልጁን አላተረፈም። ይህን የምነግራችሁ ልጃቸውን በዚህ በሽታ ያጡ ወላጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ ነው።

አሁን ቢላው። ባጭሩ ልለፈው። ቀኝ ጎን ላይ ይከፈታል። ሆዱ በሙሉ መግል ከሆነ መሃሉ ላይ ሊከፈት ይችላል። በካሜራ፣ በትናንሽ ቀዳዳ የሚሠራበት ቦታም አለ። የበሰበሰው ይቆረጣል፣ ጉቶው ይታሰራል፣ መግሉ ይመጠጣል። ያመለጠ የዓይነ ምድር ጠጠር ካለ ተፈልጎ ይወጣል፤ ከቀረ መግል ይቋጥራል።

ሆዱ ይታጠብ ወይስ ይመጠጥ ብቻ የሚለው የኛ የሐኪሞች ክርክር ነው። እኔ በሊትር ጨው ውኃ እጠቡ ተብዬ ነው ያደግኩት። አሜሪካ ውስጥ 220 ልጆች ላይ ተሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ከታጠቡት 18 ከመቶው፣ ከተመጠጠላቸው ብቻ 19 ከመቶው በኋላ መግል ቋጠሩ። ያው ነው። ያን ሁሉ ውኃ በከንቱ አፍስሻለሁ።

ከዚህ ቁጥር ግን ሌላውን እዩት። ቢላው በደንብ ተሠርቶም፣ ከፈነዳባቸው ከ5ቱ ልጆች 1ዱ ገደማ በኋላ መግል ይቋጥራል። ወደ እሱ እንመጣለን።

ከዚያ በፊት ግን የማይቀደዱ አሉ። ይህን ስል ሁልጊዜ ጉርምርምታ ይነሳል። አንዳንድ ልጅ ከታመመ አምስት ስድስት ቀን ሆኖት ይመጣል። ሰውነቱ የፈነዳውን ነገር በአንጀትና በሞራ ከቦ አንድ እብጠት ሠርቶበታል። ልጁ ይራመዳል፣ የቀረው ሆዱ ለስላሳ ነው፣ እብጠቱ ግን ቀኝ ላይ በእጅ ይዳሰሳል። ያንን ቸኩለን ብንከፍት የተጣበቀውን ደህና አንጀት ልንቀድ እንችላለን። ስለዚህ በመድኃኒት እንይዘዋለን፣ መግሉ ትልቅ ከሆነ በአልትራሳውንድ እያየን በመርፌ ወይም በቱቦ እናፈሳለን። የንጉሡ ሕክምና ማለት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትርፍ አንጀቱ ይውጣ ወይስ ይተው? ድሮ የግድ ይውጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊድንና በኒው ዚላንድ ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ሳይወጣ ከተጠበቁት በአንድ ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው 12 ከመቶው ብቻ እንደሆነ አሳየ። እዚያ አገር እናት ሕመሙ ሲመለስ በ20 ደቂቃ ሐኪም ቤት ናት። ከደላንታ ለምትመጣ እናት ግን እኔ ይውጣ እላለሁ። ይህ የኔ ፍርድ ነው፤ ሌላ ሐኪም ሌላ ሊል ይችላል።

«ያለ ኦፕራሲዮን በመድኃኒት ብቻ ይድናል» የሚል ነገር ስልካችሁ ላይ አንብባችሁ ይሆናል። እውነትነት አለው፣ ግን ላልፈነዳው ነው። እሱም ቢሆን ከሦስቱ ልጆች አንዱ ገደማ በዓመት ውስጥ መልሶ ችግር ይገጥመዋል። ሆዱ የደረቀ ልጅ ላይ እንዳትሞክሩት።

አሁን ከቢላው በኋላ። እኔ የምፈራው ሁለተኛው ጊዜ ይህ ነው። ያልፈነዳ ትርፍ አንጀት የወጣለት ልጅ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቤቱ ይሄዳል። የጎረቤት ልጅ እንደዚያ ሄዷል። እናንተም ልጃችሁ በሁለት ቀን እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ። የፈነዳበት ልጅ ግን ሌላ ልጅ ነው። አንጀቱ ደንግጧል፣ ለሁለት ሦስት ቀን ላይንቀሳቀስ ይችላል። በዚህ ጊዜ አጥሚት ደብቃችሁ አትስጡት። ከአልጋው ሥር ስንት ፔርሙዝ አጥሚት አግኝቻለሁ! አንጀቱ ሲነቃ ሐኪሙ ይነግራችኋል፤ ያኔ በጥቂት በጥቂቱ።

በጋቢ ጠቅልላችሁ አታስተኙት። ነገውኑ ይነሳ፣ በኮሪደሩ ይሂድ። ቁስሉ ይቀደዳል ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ አይቀደድም። ፊኛ ግዙለትና ይንፋ። ቀልድ አይደለም፤ ሆዱን ያመመው ልጅ በጥልቀት መተንፈስ ይፈራል፣ ሳንባው ይጣበቃል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። ከዚያ ሁሉ አንድ ፊኛ ይረክሳል።

መድኃኒቱ ስንት ቀን? ድሮ አሥር ቀን ነበር። አሁን እያጠረ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ8 ዓመት ጀምሮ ያሉ ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ሁለት ቀን ከአምስት ቀን ጋር ተነጻጽሮ ሁለቱም ተቀራራቢ ሆነ። አብዛኞቹ ግን አዋቂዎች ናቸው። ስለዚህ እኛ ቀኑን ሳይሆን ልጁን እንከተላለን። ትኩሳቱ ጠፍቷል? ይበላል? ሆዱ ለስላሳ ነው? ከሆነ መርፌው ወደ ክኒን ወይም ወደ ሽሮፕ ይቀየራል። ክኒኑ ቤት የሚሰጥ ከሆነ ጨርሱት። የተሻለው ልጅ መድኃኒት መዋጥ እንደሚጠላ አውቃለሁ።

ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ዓይናችሁን ክፈቱ። ያቺ ከአምስት አንዷ የምትመጣው ያኔ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቤት ከገባ በኋላ። ትኩሳት ይመለሳል። ልጁ ይጠወልጋል። መግሉ ዳሌ ውስጥ ከተቋጠረ በጣም ትንሽ ትንሽ፣ ንፍጥ ያለው ተቅማጥ ያስቀምጠዋል፤ ሽንት ቤት ተቀምጦ ያምጣል፣ ምንም አይወጣውም። ሲሸናም ያመዋል። ይህን ጊዜ «አሜባ ይዞታል» ተብሎ ሽሮፕ ይገዛለታል። አይሁን። ወደ ቀደደው ሐኪም ይመለስ። መግሉ ትንሽ ከሆነ በመድኃኒት ይጠፋል፣ ትልቅ ከሆነ ይፈሳል፣ አብዛኛው ጊዜ ዳግም ሳይቀደድ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይህች ከዓመታት በኋላም ልትመጣ ትችላለች። አንጀት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሆዱ ላይ የቆየ ጠባሳ ያለው ልጅ አረንጓዴ ከተፋ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ፈስ እንኳ ከጠፋ፣ ያ ድንገተኛ ነው። ይቅርታ፣ ፈስ ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። በሥራችን ከዚያ ድምፅ የበለጠ የምንናፍቀው ነገር የለም።

ጥያቄዎቹን እዚህ ላይ ልውሰድ።

ከኋላ ያሉት አባት፣ በልቶ መሮጥ ያመጣዋል ወይ? የዘይቱና ፍሬስ? አባቴ፣ ይሩጥ። ዘይቱናውንም ይብላ። ፍሬ እዚያ ውስጥ ገብቶ የተገኘበት ጊዜ አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው።

እሺ እትዬ። ሴት ልጅዎ ፈንድቶባት ነበር፣ ወደፊት መውለድ ትችላለች ወይ ነው ጥያቄዎ። ይህን ብዙ እናቶች ጆሮዬ ላይ በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁኝ፤ በአደባባይ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ስዊድን ውስጥ በልጅነታቸው የፈነዳባቸውን ሴቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥተውታል። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ወልደዋል። ሲያገቧት ይህንን እንደ ነውር የሚያነሳ ካለ ወደኔ ይላኩት።

የመጨረሻዋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። ሪፈር ሲጻፍ ምን ይጠቀስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። «የሆድ ሕመም፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል ወረቀት ብዙ ይደርሰኛል፤ እሱን ልጁም ይነግረኛል። አንቺ ኪሎውን ጻፊልኝ። ምን እንደተሰጠው፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠው ጻፊ፣ ፌጦም ቢሆን፣ ኮሶም ቢሆን። መጨረሻ የበላበትንና የሸናበትን ሰዓት ጻፊ። ከሁሉ በፊት ግን ሕመሙ የጀመረበትን። «ከሰሞኑ» አትበይ፣ «ከትናንት ወዲያ»ም አትበይ፤ እኔ ጋ እስኪደርስ ትናንት ሌላ ቀን ይሆናል። ዓርብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ራት ሳይቀርብ ብለሽ ጻፊልኝ።